«ቅጂ ነው፣ አባ»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ልጆች፣ በኤደንና በዙሪያዋ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ሙቀቱንና የመብራቱን መጥፋት ችላችሁ ይህን ለማንበብ ስለተቀመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ካለፈው የካቲት ወዲህ ከወጣቶቻችሁ አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ ደርሶናል። «የጥንት ሰይፍ ቅጂ መሰብሰብና በእሱ መለማመድ ኃጢአት ነው ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ከየት እንደተነሣ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ላላወቃችሁት እንናገራለን፤ ልጁም፣ የተጎዳው ወንድማችንም እንድንጽፈው ፈቅደውልናል። ስማቸውን ግን አንጠራም፣ እናንተም ብታውቁት አትጥሩት።

ልጁ በአንድ ብረት ሥራ ቤት በብየዳ ተቀጥሮ ይሠራል። እንደ ብዙዎቻችሁ በኦቦክ በኩል በጀልባ ነው የተሻገረው፤ ከለበሰው ልብስ በቀር የያዘው አልነበረም። ባዶ እጁን የቀረ ሰው የሀገሩን ዕቃ በልቡ እየቆጠረ ይኖራል። አንዷ የቡና ሲኒ ትሰበስባለች፣ አንዱ የድሮ ካሴት ይፈልጋል፤ ይህ ልጅ ደግሞ ሰይፍ ወደደ። መጀመሪያ ከክሬተር ገበያ እጀታው ፕላስቲክ የሆነ ጀምቢያ ገዛ። ከዚያ ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ ራሱ ቀጥቅጦ ሾተል ሠራ፤ ቀጥሎም ጎራዴ። ቅርጹን በስልኩ ካገኛቸው የሙዚየም ፎቶግራፎች ነው የወሰደው። ስለት አላወጣላቸውም ነበር። ማታ ማታ ሙቀቱ ሲበርድ ጣራ ላይ ይወጣና በእነሱ ይለማመድ ነበር።

እኛም አይተናል፤ ይህን መሸሸግ አይገባንም። ቤታቸውን ጠበል ልንረጭ በሄድንበት ቀን ሦስቱንም ከአልጋው ሥር አውጥቶ አሳየን። ሾተሉን በሁለት እጃችን ተቀበልነው፣ ክብደቱን መዘንነው፣ እውነቱን ለመናገር ደስ አለን። የምናውቀውንም ሁሉ ነገርነው። ሾተል እንደ ማጭድ የታጠፈው የባላጋራን ጋሻ ዞሮ እንዲደርስ መሆኑን፣ በቀኝ ጎን እንደሚታጠቅ፣ የደጉ ጎራዴ እጀታ ከአውራሪስ ቀንድ ይሠራ እንደነበር። የዚህ ሀገር ምርጥ ጀምቢያም እንደዚያው ነበር፤ የአውራሪስ ቀንድ ንግድ በ1977 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ ስምምነት ከተከለከለ በኋላ ነው የጎሽ ቀንዱና ፕላስቲኩ እየበዛ የመጣው። ከአባቶቻችን ጎራዴዎች የብዙዎቹ ብረት ጀርመን ሀገር፣ ዞሊንገን በምትባል ከተማ ተሠርቶ የመጣ መሆኑን ስንነግረው ግን ልጁ ፊቱ ጠቆረ። «ታዲያ የአባቶቻችን አይደለማ!» አለን። «ብረቱ የፈረንጅ ነው፣ የታጠቀው ሰው ግን የኛ ነው» አልነው። ይህን ስንል የተናገርነውን በደንብ አልሰማነውም ነበር። ብረት የያዘውን ሰው እንደሚመስል እኛው ራሳችን ነግረነው ነበር፤ ያዡን ግን አልጠየቅነውም።

የዓድዋን በዓል በቤታቸው ሲያከብሩ እኛም ነበርን። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አባቶቻችን የቅዱስ ጊዮርጊስን ታቦት ይዘው እንደወጡ ተናገርን፣ ጸሎት አድርሰን ወጣን። ልጁ ጎራዴውን ታጥቆ ነበር። አብረቀረቀ። «ለፎቶ እንዲያምር ትንሽ ሞረድ አስነካሁት፣ አባ» ብሎን ነበር። እኛም ፈገግ ብለን አለፍን።

በዚያው ሌሊት ከሀገር ቤት በስልክ አንድ ወሬ መጣ። ወሬው ምን እንደሆነ አንጽፍም፣ በየጊዜው ከሚመጣው ዓይነት ነው። በአንድ ክፍል ዐሥራ አንድ ሆነው የሚያድሩ፣ በአንድ ድስት የሚበሉ ልጆች «የእነ እገሌ ወገን» ተባባሉ። ልጁ ጎራዴውን መዘዘ። ያነሣው በሌላ ላይ ነበር፤ ያገኘው ግን ሊገላግል መካከል የገባውን ታላቃቸውን ነው። በባዶ እጁ ብረቱን ያዘው። መዳፉ ተሰነጠቀ፣ ተሰፋም። በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ነውና ሦስት ሳምንት ሙሉ ለእናቱ የሚልከው አጣ። እኛ ስንደርስ ልጁ ጥግ ላይ ተቀምጦ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግም ነበር፦ «ቅጂ ነው፣ አባ። ቅጂ ነበር።»

ይህችን ቃል ይዘን ብዙ ሌሊት አሳለፍን። ቅጂ ማለት ምን ማለት ነው? እኛ ያደግነው በቆሎ ተማሪነት ነው፤ ብራና ተፍቆ፣ ቀለም ተበጥብጦ፣ መጽሐፍ ከመጽሐፍ ሲገለበጥ እያየን ነው። በእጃችን ያለው ዳዊት ቅጂ ነው። ቁም ጸሐፊው ከሌላ ገለበጠው፣ ያም ከሌላ። ንጉሡ ዳዊት በእጁ የያዘውን ያየ ሰው ዛሬ የለም። ሆኖም «ቅጂ ነውና ጸሎቱ አይሠምርም» የሚል አልሰማንም። ሥዕለ አድኅኖም እንደዚሁ ነው፤ ቀለሙ ቅዱሱ አይደለም፣ ነገር ግን በፊቱ የምንሰግደው ወደ ባለቤቱ እንደሚያደርሰን አምነን ነው። እንግዲህ ቅጂ ለበጎ የሚያደርስ ከሆነ ለክፉም ያደርሳል። ለጸሎት ጊዜ «እውነተኛ»፣ ለጠብ ጊዜ «ቅጂ ብቻ» ማለት አንችልም።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዳችሁ፣ «ሰይፍ በቤቱ ያስቀመጠ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው» ብላችሁ ጽፋችሁልናል። እንደሱም አይደለም። ቅዱስ ሚካኤልን ያለ ሰይፍ የሣለው ሠዓሊ አናውቅም። ኅዳር 25 የምናከብረው ሰማዕቱ ቅዱስ መርቆሬዎስ በዐረብኛ አቡ ሰይፈይን፣ የሁለት ሰይፎች አባት ይባላል፤ አንዱ የወታደርነቱ፣ ሁለተኛው መልአኩ የሰጠው። ሰይፍ በመጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ የተነገረው በኤደን ገነት ደጅ ነው (ዘፍ. 3፥24)፤ የእኛን ከተማ ሳይሆን የገነቲቱን ነው የምንለው። ያ የነበልባል ሰይፍ መንገድ ጠበቀ እንጂ ማንንም አልቆረጠም።

ስለ መሰብሰብና ስለ ማስቀመጥ ከሆነ ደግሞ፣ የጎልያድን ሰይፍ አስታውሱ። ዳዊት በኤላ ሸለቆ ያገኘው ያ ሰይፍ በኖብ በካህናቱ ዘንድ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከኤፉዱ በኋላ ተቀምጦ ነበር (1ኛ ሳሙ. 21፥9)። መታሰቢያ ነው፤ እግዚአብሔር ታናሹን እንዴት እንደረዳው ይናገራል። ስለዚህ ሰይፍን ለትዝታ ማስቀመጥን ከቤተ መቅደስም አላራቁትም። ነገር ግን ታሪኩን ወደፊት አንብቡት። ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ፣ ተርቦና ፈርቶ ሲመጣ ያን ሰይፍ ለየት ያለ ነው ብሎ ወሰደው። በዚያ ቀን ዶይቅ እዚያ ነበረና አየ፤ ወሬውን ለሳኦል አደረሰ፤ ካህናቱም አለቁ። ኖብን ያጠፋው የሳኦል ቅናት ነው፣ ሰይፉ አይደለም። ቢሆንም የተጠቀለለው ጨርቅ የተፈታው በፍርሃት ቀን መሆኑን ልብ በሉ። ከአልጋ ሥር ያለ ብረትም ጨርቁ የሚፈታለት በደኅና ቀን አይደለም።

ሰው የሚደነቅበትና የሚፈርድበት ግን የመለማመዱ ነገር ነው። በአውሮፓ ስለት የሌለው የጥንት ሰይፍ ቅጂ ይዘው፣ ፊታቸውን በሽቦ ሸፍነው፣ ወፍራም ካባ ለብሰው የሚለማመዱ ሰዎች አሉ፤ ጃፓኖችም በቀርከሃ ሰይፍ ያሠለጥናሉ። ክፉ ነው አንልም። እነዚያ መምህር አላቸው፣ «ቁም» የሚላቸው አለ፣ ከፊታቸውም የሚስቅና የሚያልበው እውነተኛ ሰው አለ። ሲነካው ይቅርታ ይጠይቀዋል። የእኛ ልጅ ግን ጣራ ላይ ብቻውን ነበር።

እጅ የሚደጋግመውን እንደሚማር እኛ ከአቋቋም ቤት እናውቃለን። መቋሚያ ይዘን ዝማሜ ስንማር መምህራችን ለብዙ ወራት ትርጓሜውን አልነገሩንም፤ እጃችንን ብቻ ያርሙ ነበር። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። ዛሬ በዚህ በባዕድ ሀገር ከስልክ የጸናጽል ድምፅ ከሰማን ልባችን ሳያስብ ትከሻችን ይንቀሳቀሳል። (አንድ ጊዜ ሱቅ ውስጥ እንዲህ ሆነን ባለሱቁ የታመምን መስሎት ወንበር አቀረበልን።) ያ ሌሊት ለልጁ እንዲህ ነበር። አሰብኩና መዘዝኩ አላለንም። «እጄ ላይ አገኘሁት» ነው ያለን። እውነቱን ነው። ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ሲያስተምረው የነበረ እጅ የተማረውን መለሰለት።

እንግዲህ አንድ ነገር ጠየቅነው፤ አስቀድመን ልንጠይቀው ይገባን የነበረ ነው። «ጣራው ላይ ስትለማመድ ከፊትህ የምታቆመው ማንን ነበር?»

ዝም አለ። ብዙ ቆይቶ፣ «መጀመሪያ ጣሊያን ነበር» አለ። በዓድዋ ተራራ ሥር የሚመጣ፣ ፊት የሌለው፣ ነጭ የራስ ቁር ያደረገ ወታደር። ቀጥሎ በመንገድ የደበደበውና ገንዘቡን የወሰደበት ደላላ ሆነ። ቀጥሎ የሚሠራበት ቤት አለቃ። «ከዚያስ?» አልነው። አለቀሰ። ከሀገር ቤት ወሬው እየበዛ ሲመጣ ከፊቱ የሚቆመው ሰው አማርኛ መናገር ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን ፊት አወጣ። የክፍሉን ጓደኛ ፊት።

ልጆቻችን፣ ለጥያቄያችሁ የምንሰጠው መልስ ይኸው ነው፤ ሌላ የለንም። ብረቱን አትመርምሩት፣ ባሌስትራም ይሁን ዞሊንገን። ከፊታችሁ የቆመውን ፊት እዩት። ሰይፍ በእጁ ሳይነካ፣ ጋራዥ ሲያጥብ ወይም ሰሃን ሲያጥብ፣ በልቡ ጣራ ላይ ማታ ማታ የሚለማመድ ስንት ሰው አለ! እናንተ ሴቶች ልጆቻችንም፣ በሰው ቤት ተዘግታችሁ የምትሠሩት፣ የእመቤቲቱን ፊት እያቆማችሁ የምትለማመዱት ቃል እንዳለ ነግራችሁናል። እሱም ስለት ያወጣል።

ጴጥሮስ ሰይፍ ይዞ ነበር፣ ጌታም ያውቅ ነበር። በጌቴሴማኒ መዝዞ የቆረጠው የጲላጦስን ወይም የቀያፋን አንገት አይደለም፤ የአንድ ባሪያ ጆሮ ነው፤ ስሙም ማልኮስ ይባል ነበር (ዮሐ. 18፥10)። ታዛዥ፣ የሰው ቤት ሠራተኛ፣ እንደ እናንተ። ጌታ ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ አዘዘው፣ የባሪያውንም ጆሮ ዳስሶ ፈወሰ። ጣሊያንን እያሰብን የምናነሣው ጎራዴ ሁልጊዜ አጠገባችን ያለውን ማልኮስ ነው የሚያገኘው።

በዚህ ባሕር ላይ ከእኛ በፊት ሰይፍ ይዞ የተሻገረ አለ። ንጉሡ ቅዱስ ካሌብ በስድስተኛው መቶ ዓመት፣ በናግራን የተሠዉትን ክርስቲያኖች ደም ሰምቶ ወደዚህ ምድር ዘመተ። ናግራናውያንን ኅዳር 26፣ እሱን ግንቦት 20 እናስባቸዋለን። ድል አደረገ። ከድሉ በኋላ ያደረገውን ግን ብዙ ጊዜ አናነሣውም። ቤተ ክርስቲያናችን እንደምትተርከው፣ ዘውዱን በጌታችን መቃብር እንዲሰቀል ወደ ኢየሩሳሌም ላከ፣ መንግሥቱን ትቶ በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መነነ። የሁለት ሰይፎች አባት መርቆሬዎስም በዳኬዎስ ፊት የወታደርነት ትጥቁን ፈትቶ ጥሎ ነው ወደ ሰማዕትነት የሄደው። ሁለቱም ሰይፍን በሚገባ የያዙ ናቸው፤ ሁለቱም መፍታቱን ያውቁ ነበር።

ስለ ኑሯችሁም አንድ ቃል። ይህች ከተማ የኬላ ከተማ ናት። በፍተሻ ላይ ያለ ወታደር ከስደተኛ ቤት ጎራዴ ቢያገኝ «ቅጂ ነው» ብሎ የሚያስረዳው አይኖርም፤ መዘዙም ለባለቤቱ ብቻ አይሆንም። በዚህ ላይ ክርክር አንገጥምም።

የተጎዳው ወንድማችን ይቅር ብሏል። ይቅርታውን የተናገረው ግን አንድ ነገር ጠይቆ ነው፤ ሐሳቡንም ከዚህ ሀገር ነው የወሰደው። በሰሜኑ ተራሮች የጎሳ ሰዎች ሲጣሉ፣ ለፍርድ መገዛታቸውን ለማሳየት ጀምቢያቸውን ወይም ጠመንጃቸውን ለሚዳኛቸው ሰው መያዣ አድርገው ይሰጣሉ። እሱ ለብዙ ዓመት የመናውያን መካከል ሠርቷልና ያውቀዋል። «ለእርስዎ ያስይዝ» አለን። ልጁ ሦስቱንም አምጥቶ በእጃችን አኖረ። የእኛንም ድርሻ አነሣን፤ ሞረዱን ሰምተን ፈገግ ማለታችንን፣ በሁሉ ፊት። ካህን ደም ካፈሰሰ ከክህነቱ የሚሻርበትን ቀኖና እያወቅን፣ የደሙን መንገድ ዐይተን ዝም ብለናልና።

ሰይፎቹ ዛሬ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልለው፣ ከመጋረጃው በኋላ፣ የዕጣን ሣጥኑ አጠገብ አሉ። ልጁ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይቆይና ቤቱን ይጠርጋል። እስካሁን ጨርቁን ልፍታ አላለንም። ባለፈው ሳምንት ግን መጥረጊያውን እንደያዘ ቆመና፣ «አባ፣ የሾተሉ እጀታ በዚህ እርጥበት ይዝግ ይሆን?» ብሎ ጠየቀን። የታላቁ እጁ ከጎኑ ምንጣፍ ያጥፍ ነበር፤ መዳፉ ገና በደንብ አይጨበጥም። እሱ ነው የመለሰለት፦ «ይዛግ።»

ሁለቱም ሳቁ። እኛም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።