«ሥራዬ ነው»

የታይሮይድ ካንሰሬን ያወጡልኝን ዶክተር ላመሰግን ስሄድ፣ «ሥራዬ ነው» ብለው ወሬውን ዘጉት። እኔም ሶፍትዌር ሠርቼ ሲያመሰግኑኝ የምለው ይህንኑ ነው፤ ደመወዝ ይከፈለኛላ!

ግን ከዕጢው ጀርባ የድምፅ አውታሮችን የሚያዝ ክር የሚያክል ነርቭ ያልፋል። ከተጎዳ ድምፅ ይሻክራል። እኔ ኮድ ባበላሽ ወደ ትናንቱ እመልሰዋለሁ፤ እሳቸው መመለሻ የላቸውም። ያንን ነርቭ ፈልገው አግኝተው ሲጠብቁት እኔ በማደንዘዣ ተኝቻለሁ። ቢቸኩሉ ማን ያውቅባቸዋል? ክፍያው ያው ነበር።

አንድ ነገር ግን ያሳፍረኛል። እንደዚያ ተጠንቅቀውም ነርቩ ሊጎዳ ይችል ነበር። ያኔ ኬክ ይዤ እሄድ ነበር? እንጃ። ምናልባት እከሳቸው ነበር። ታዲያ ያመሰገንኩት እሳቸውን ነው ወይስ ዕድሌን?

ባለፈው ለክትትል ስሄድ ይህንኑ ነገርኳቸው። ሳቁና «እስቲ አንገትህን ቀና አድርግ» አሉኝ።