ቀኑ ደርሶ ነው?

አሮጌው ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ከመፍረሱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከዚያ ወደ ስታዲየም በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራት ሆነን ተጣብቀናል። ባምቢስ ጋ ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ወንበሩ ከነእኛ ወደፊት ተንቀሳቀሰ። ከጎኔ ልጅ የታቀፈች ሴት «በስመአብ!» አለች።

«አይዞሽ እናት፣ ቀኑ ካልደረሰ ማንም አይሞትም» አለ ወያላው።

«እሱስ ልክ ነህ» አሉ ከኋላ አንድ አዛውንት። እኔም ዝም አልኩ።

ይህን አባባል የሚፈትን አሻንጉሊት አለ። ሃይብሪድ ሦስት ይባላል፤ ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው፣ 78 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ አንገቱና ደረቱ በመለኪያ የተሞላ የወንድ ቅርጽ ነው። ዩሮ ኤንካፕ የተባለው የአውሮፓ ድርጅት ይህንን አሻንጉሊት በቀበቶ አስሮ፣ መኪናውን በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ከመሰናክል ጋር ለዓመታት ሲያላትም ኖሯል። ከአምስተኛ ፎቅ እንደመውደቅ በሉት። እ.ኤ.አ. በ1997 የመጀመሪያው ውጤት ሲወጣ ሮቨር 100 አንድ ኮከብ ብቻ አገኘች። ፋብሪካዎቹ «አራት ኮከብ የማይቻል ነው» ቢሉም፣ በዚያው ዓመት አንድ ቮልቮ አገኘው። የሮቨር 100 ምርት ደግሞ ዓመቱ ሳያልቅ ቆመ።

ልብ በሉ፤ አሻንጉሊት ቀን አልተቆረጠለትም። አንዱ መኪና ውስጥ ደረቱ ይደቅቃል፣ ሌላው ውስጥ ይተርፋል። ልዩነቱ ብረቱ፣ ቀበቶውና የወንበሩ መያዣ ነው። እነዚህን ደግሞ የሠራቸው ሰው ነው።

ከሚኒባሶቻችን ብዙዎቹ የዕቃ መጫኛ ሆነው ገብተው፣ እዚሁ ጋራዥ መስኮት የተቆረጠላቸውና ወንበር የተበየደላቸው ናቸው። ፋብሪካው መኪናውን ቢፈትን እንኳ ያንን ብየዳ አልፈተነውም። ፈታኞቹ እኛ ነን። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር መጋጨት ከ6 ሜትር ከፍታ እንደመውደቅ ነው። እስቲ የትኛዋ እናት ናት ከሁለተኛ ፎቅ የተወረወረ ልጅ በክንዷ የምትቀልበው?

«ድሃ ነን፤ ደህና መኪና እንጠብቅ ካልን በእግራችን መቅረታችን ነው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ድህነት የከለከለን አዲስ መኪና መግዛትን እንጂ፣ ወንበር አጥብቆ ማሰርን፣ የሦስቱን ቦታ ለሦስት መተውን አይደለም።

«ቀኑ ደርሶ ነው» ለሐዘንተኛ ጥሩ ማጽናኛ ነው። ለበያጁ፣ ለባለንብረቱ፣ ለተቆጣጣሪው ግን ማምለጫ ነው። ለተሳፋሪውም ቢሆን። ያን ዕለት ወያላው «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል የገባሁት አራተኛው ሰው እኔ ነበርኩ።