«የማን ልጅ ነህ?»

በአገራችን እንግዳ ሲመጣ ስሙን ከጠየቅነው በኋላ የምናስከትለው ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ነው። መልሱ ስለ ሰውዬው ጠባይ የሚነግረን ነገር እምብዛም ነው፤ ሆኖም ልባችን ያርፋል። እኔም ሰሞኑን ይህንኑ ጥያቄ ለአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ሳቀርብ ራሴን ያዝኩት።

ሠዓሊ የሆነች የእህቴ ልጅ ሥራዎቿን የምታሳይበት ድረ ገጽ ከፍታ አድራሻውን በስልኬ ላከችልኝ። ከነጥቡ በኋላ ያለው ቅጥያ «ኤክስዋይዚ» ይላል። የሌባ ወጥመድ መስሎኝ ሳልከፍተው ቀረሁ። ከሳምንት በኋላ ስትጠይቀኝ እውነቱን ነገርኳት።

«ጋሼ፣ ዶት ኮም ቢሆን ትከፍተው ነበር?»

እከፍተው ነበር።

ለመሆኑ ለዶት ኮም ማን ዋስ ሆነው? የመጀመሪያው የዶት ኮም ስም እ.ኤ.አ. በ1985 ከተመዘገበ ወዲህ የፈለገ ሁሉ ጠባዩን የሚጠይቀው ሳይኖር ሲወስደው ኖሯል። የበጎ አድራጎት ምልክት የሚመስለንን ዶት ኦርግንም ቢሆን ማንም ይገዛዋል። (ዶት ጎቭ ለአሜሪካ የመንግሥት አካላት ብቻ የተከለለ ነው፤ እሱስ ይሁን።) እንግዲህ ለአሮጌዎቹ የሰጠናቸው እምነት የመላመድ እንጂ የዕውቀት ልጅ አይደለም።

ጥርጣሬው ጨርሶ መሠረት የለውም ማለቴ ግን አይደለም። የስሞቹ የበላይ አስተዳዳሪ አይካን እ.ኤ.አ. በ2012 ለአዳዲስ ቅጥያዎች በሩን ሲከፍት 1,930 ማመልከቻዎች ጎረፉለት፤ የእያንዳንዱ ክፍያ 185,000 ዶላር ነበር። በዚህ ዋጋ ቅጥያ የያዘው ነጋዴ ግን ስሞቹን ሲቸረችር ገበያ ለመሳብ አንዳንዴ እስከ አንድ ዶላር ያወርዳቸዋል። ርካሽ ስም ደግሞ ለአታላይ ይመቻል፤ ዛሬ ቢዘጋበት ነገ መቶ ይገዛል።

የቶከላው ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያሳዝነኛል። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ በኒውዚላንድ ሥር ያሉ ሦስት ጥቃቅን የኮራል ደሴቶች ናቸው፤ ሕዝባቸው የአንድ ቀበሌያችንን ነዋሪ እንኳ አያህልም። የአገራቸውን መለያ «ዶት ቲኬ»ን አንድ የአምስተርዳም ኩባንያ ተረከበና በነጻ ያድለው ጀመር። በአንድ ወቅት በስሞቹ ብዛት ከአገሮች መለያዎች ሁሉ በለጠ። ከያዙት ሰዎች መካከል ደሴቶቹን በካርታ ላይ እንኳ ያዩ ስንት ይሆኑ? አጭበርባሪው ሰፈረበት፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ኩባንያውን ከሰሰ፤ አዲስ ምዝገባም ቆመ። ጉድፉ ግን የቀረው በደሴቶቹ ስም ላይ ነው። አንድ የቶከላው ዓሣ አጥማጅ ዛሬ በገዛ አገሩ ስም ድረ ገጽ ቢከፍት ማን ያምነዋል?

ለእኔ ጥንቃቄ ምንም አያስከፍለኝም። ሳልከፍት አልፋለሁ፤ በቃ። ዋጋውን የሚከፍለው ንጹሑ አዲስ መጪ ነው፤ ያውም ደሃ ከሆነ። የጉግል ባለቤት አልፋቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲቋቋም ለአድራሻው የመረጠው ያንኑ የእህቴን ልጅ ቅጥያ ነበር። ለሀብታሙ ቅጥያው እንደ ፈሊጥ ተቆጠረለት፤ እሷን ግን አስጠረጠራት።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ምን ብዬ መከርኳት መሰላችሁ? «ዶት ኮም ግዢ» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። ስሟን ብትፈልገው ደግሞ ቀድሞ ተይዟል፤ የያዘው ሰው አንዳች ነገር አላኖረበትም፣ በውድ የሚገዛው ይጠብቃል። ስለዚህ የአባቷን ስም ጨምራበት ገዛች። አሁን ሰዎች ይከፍቱላታል።