ብረቱና በገናው ከአንድ ቤት

በማረሻ አርሶ፣ በማጭድ አጭዶ፣ በካራ በጉን አርዶ ጾሙን የሚፈታ ሕዝብ፣ ስለቱን ያወጣለትን ሰው በምን ሚዛን ይንቃል? በአገራችን ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው ለዘመናት «ቡዳ» ተብለዋል፤ ጋብቻ ተከልክለዋል፤ ማዕድ ተለይቶባቸዋል። ጉዳዩ የእምነት ጥያቄም ነውና በእምነት ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል። ሲመዘን ደግሞ ነውሩ የናቂው ሆኖ ይገኛል።

ቀጥቃጩን ያስጠረጠረው ሌላው የማያውቀውን ማወቁ ነው። ነገር ግን ዕውቀቱ ድግምት የለበትም። ከአሮጌ መኪና የወጣ ባሌስትራ በወናፍ በተራገበ ከሰል ግሎ፣ ተቀጥቅጦ፣ ፍም እንደመሰለ ውሃ ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፤ ግን እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ በልኩ መልሶ መሞቅ አለበት። ልኩን የሚናገረው ቀለሙ ነው፦ የገለባ ብጫ ሲይዝ ለስለት ይበቃል፤ ሰማያዊ እስኪሆን ከቆየ ይለሰልስና ስለቱ ቶሎ ይዶለዱማል። ይህን በዓይኑ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ዓይኑ የሚከበር እንጂ የሚፈራ አይደለም። ስለት የማውጣት ሙያም ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ አፋር ውስጥ ጎና ላይ የተገኙት የድንጋይ ስለቶች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አላቸው፤ የኮንሶ ሴት ቆዳ ፋቂዎችም ድንጋይ ጠርበው መፋቂያ ሲያወጡ በዘመናችን ተመዝግቧል።

«ብረት ቀጥቃጩ ቱባልቃይን የቃየን ዘር ነው፤ እግዚአብሔርም መሠዊያውን ብረት እንዳይነካው አዟል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ነገር ግን ያው ኦሪት ዘፍጥረት የበገና ደርዳሪዎችን አባት ዩባልን የቱባልቃይን ወንድም ያደርገዋል። በዐቢይ ጾም በገና እየደረደርን የምንጸልይ ሰዎች፣ ከአንድ ቤት የወጣውን አንዱን ቀድሰን ሌላውን ልንረግም አንችልም። የሰሎሞን ቤተ መቅደስም ሲታነጽ የብረት ድምፅ አልተሰማበትም፤ ድንጋዩ ግን አስቀድሞ በካባው ተጠርቦ ተዘጋጅቶ ነበር። የተከለከለው የመሣሪያው ቦታ ነው፤ ሙያው አልተረገመም። እንዲያውም መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ብረት ሠሪ ያጣችውን የእስራኤልን ውርደት ይተርካል፦ ማረሻውን ለማሳል እንኳ ሕዝቡ ወደ ጠላቱ ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ ነበር።

«ይህ ያለፈ ነገር ነው፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል» የሚልም አለ። ዐዋጅ ምላስን ይገታል፤ ልጁን ለቀጥቃጭ ልጅ ለመዳር የሚያመነታውን አባት ልብ ግን አይደርስበትም። እዚያ የሚደርሰው ሃይማኖት ነውና ሰባኪው ዝም ሊል አይገባውም። ንስሐ መግባት ያለበት በስለቱ በልቶ ባለሙያውን ከማዕዱ ያራቀ ሰው ነው።