ንጉሥ አይከሰስ፤ ታዲያ ሕዝቡ ምን አደረገ?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረት ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ማግኘት ይከብዳል። ችሎት ፊት መብቱን ያጣ ሰው ሲለው ትካዜ ነው፤ ሹም ሲለው ማስፈራሪያ ነው፤ አባት ደሙ ለፈላ ልጁ ሲነግረው ደግሞ ምክር ነው። ብዙዎቻችን በልጅነታችን የሰማነው በምክርነቱ ነው፦ «አርፈህ ተቀመጥ፣ ከመንግሥት ጋር አይታገሉም።» በዚህ የተነሳ ሕዝባችን ለገዢ ማጎንበስ የለመደ ነው ለሚሉ ሰዎች ተረቱ የመጀመሪያው ማስረጃ ሆኖ ኖሯል።

ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለኝም። ተረቱን ደጋግሞ ላሰበው ሰው የሚናገረው ስለ ችሎት ብቻ ነው። ንጉሥን የሚዳኝ ዳኛ የለም ይላል እንጂ ንጉሥ አይበድልም አይልም። ታዘዙት፣ ውደዱት፣ እመኑት የሚል ቃልም የለበትም። ክስ እንደማያዋጣ አውቆ የተናገረ ሰው ደግሞ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ ማለት አይደለም። ክስ ካላዋጣ ምን ያዋጣል? የዚህን ጥያቄ መልስ ሕዝቡ በአባባል ሳይሆን በኑሮው ነው የሰጠው።

በመጀመሪያ ግን ተረቱ በዘመኑ እውነት እንደነበር መመስከር ያስፈልጋል። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ4ኛው አንቀጹ የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውም የማይጠየቅ መሆኑን ደንግጎ ነበር። ገበሬው በአራት ቃላት የጨረሰውን የሕግ አዋቂዎቹ በአንቀጽ አሰፈሩት ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ በዳኛ የተበደለ ሰው ይግባኙን እስከ ዙፋን ችሎት ማድረስ ይችል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ቆሞ «ጃንሆይ!» እያለ አቤቱታውን የሚዘረጋው ሕዝብም ብዙ ነበር። ይሁንና አቤት ማለት የተፈቀደው ለንጉሡ እንጂ በንጉሡ ላይ አልነበረም።

እንዲህ ባለ አገር ውስጥ የመጀመሪያው መውጫ ቃል ነው። ድሮ ነገሥታቱና መኳንንቱ ማለዳ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛ መሬትም ሹመትም የለውም፤ የሚቀማው ነገር ስለሌለው የሰማውን ይዘፍናል። ደራሲው ማን እንደሆነ የማይታወቅ ዘፈን በሜዳ ሲዞር ማንን ይዞ ማሰር ይቻላል? የቅኔው ሰምና ወርቅም ለዚሁ አገልግሏል። ሰሙ ለሹም ጆሮ፣ ወርቁ ለሚገባው ሰው ነበር። ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ ነው የሚል ካለ ጣልያኖችን ይጠይቅ። በ1929 ግራዚያኒ ጠንቋዮችን፣ ባሕታውያንንና አዝማሪዎችን እያስለቀመ ሲያስገድል ማሲንቆ ምን ያህል እንደሚያስፈራው በገዛ እጁ መሰከረ።

ቃል ብቻውን ግን ግብር አያስቀርም። ተረቱ በተግባር የተፈተነበት አንዱ ቦታ ጎጃም ነው። በ1960 መንግሥት በእርሻ ገቢ ላይ አዲስ ግብር አወጀ። አዋጁ ሲነበብ ነውር የለበትም፤ ብዙ ያመረተ ብዙ ይክፈል የሚል ነበር። የጎጃም ባለርስት ግን ያነበበው ሌላ ነገር ነው። ግብሩን ለመተመን ገማች ወደ ማሳው ይመጣል፤ ዛሬ ምርት የገመተ ነገ መሬቱን ለመለካት ቀላድ ይጥላል፤ ቀላድ የተጣለበት መሬት በደቡብ አገር ምን እንደደረሰበት ይታወቃል። እዚያ መሬቱ ተለክቶ ለሹማምንትና ለወታደር ሲታደል ባለመሬት የነበረው ሰው በገዛ አባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኗል። የጎጃሙ ገበሬ የፈራው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፣ ርስቱን ነው። ርስት ደግሞ ከአያት ቅድመ አያት የሚቆጠር የሰውነት ማረጋገጫ ነበር።

ታዲያ ገበሬው ምን አደረገ? ንጉሡን አልከሰሰም። መጀመሪያ ሽማግሌ መርጦ አዲስ አበባ ላከ፤ አቤት አለ። መልስ ሲያጣ ገማቾቹን ወደ ማሳው አላስገባም ብሎ መለሰ፤ የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ እንዲነሱለትም ጠየቀ። ፖሊስ ሲላክበት ጠመንጃውን አወረደ። ጦር ተላከ፤ ከአየርም ቦምብ ተጣለበት። ብዙ ሕይወት ጠፋ፣ ብዙ ቤት ነደደ። በመጨረሻ ግን አገረ ገዢው ተነሱ፣ ግብሩ በተግባር ቀረ፣ ውዝፉም ተማረ። የዙፋኑ ክብር በአንቀጽ 4 እንደተጻፈ ነው፤ የዙፋኑ ገማች ግን ከማሳው ተመልሷል።

ከዚህ ታሪክ የምማረው ይህን ነው። ሕዝቡ ተረቱን አልሻረውም፤ ዞሮ አለፈው። የማይከሰሰውን ሰው ሳይከስ የላከውን እጅ ያዘ። ማንኛውም ገዢ ያለ ገማች፣ ያለ ጸሐፊ፣ ያለ ወታደር፣ ያለ ጫኝና አውራጅ አይገዛም። እነዚህ እጆች ሲያዙ ዙፋኑ ባለበት ይቆማል። ሐቁን ላለማጉደል አንድ ነገር ልጨምር። የጎጃሙ አመፅ የደሃውን ርስት እንዳዳነ ሁሉ ሰፊ መሬት የያዘውን ባላባትም ከግብር አድኗል። የሕዝብ እምቢታ ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም፤ የተለያየ ጥቅም ያላቸው ሰዎች በአንድ ጥላ ሥር ይሰለፉበታል። ይህ ግን እምቢታውን ሐሰት አያደርገውም።

የ1966ቱ አብዮትም ከዚሁ ወገን ነው። በጥር ወር ነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች በምግባቸውና በውኃቸው መበላሸት ተማርረው አለቆቻቸውን አሰሩ፤ ሊመረምር የመጣውንም ጄኔራል እነሱ የሚበሉትን እንዲበላ አስገደዱት። በየካቲት የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የቤንዚን ዋጋ ሲጨምርባቸው መኪናቸውን አቆሙ፣ መምህራንም ሥራ አቆሙ። ሥርዓት ልገልብጥ ብሎ የተነሳ ከእነዚህ ውስጥ ጥቂት ነው። ሁሉም የያዘው የየራሱን ምሬት ነበር፤ ምሬቶቹ በአንድ ሰሞን ተገናኙ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥታቸው ወጡ።

ተረቱ አከተመለት ተባለ። ነገር ግን ንጉሥ ወረደ እንጂ የማይከሰስ ሰው አልጠፋም። ለዚህም አባቶች «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥ» ብለው ነበር። በንጉሡ ቦታ የተተካው ወታደራዊ መንግሥት፣ ደርግ፣ መሬትን ለአራሹ ሰጠ፤ ይህ ታላቅ ነገር ነበር፣ ማንም ሊክደው አይገባም። ቆየት ብሎ ግን መሬቱን የሰጠው እጅ እህሉን መልሶ ይሰፍር ጀመር። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ለየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ይጥላል። ዋጋውን የሚቆርጠው መንግሥት ነው፤ ከገበያው ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ነው። ዝናብ ከድቶት ኮታውን መሙላት ያቃተው ገበሬ ፍየሉን ወይም በጉን ሸጦ እህል በውድ ይገዛል፤ ያንኑ እህል መልሶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክባል። ያረሰ ሰው እህል ሸማች ሆኖ ሚዛን ፊት ሲቆም ያየ ዘመን ነው።

እዚህ ላይ ጠመንጃ አልነበረም። ገበሬው የመለሰው በሌሊት ነው። እህሉን በጉድጓድ ቀበረ። ለኮታው ያልተበጠረውን፣ ነቀዝ የጎበኘውን ለየ። ቀሪውን በአህያ ጭኖ ከኬላው ወዲያ በጨለማ አሻገረ። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ አፈሳው ሲጀመር ደግሞ እናቶች ልጆቻቸውን ዘመድ ቤት አሸሹ፣ በቆጥና በጎተራ ሸሸጉ፤ መልማይ መምጣቱን ከሩቅ ያየ ሰው ለመንደሩ ምልክት ይሰጥ ነበር። ስብሰባ ሲጠራ ሁሉም ይሄዳል፤ መፈክሩን ያሰማል፣ ግራ እጁን ያነሳል፤ ቤቱ ሲገባ የራሱን ሥራ ይሠራል። ይህን ከላይ ሆኖ የሚያይ ካድሬ ገበሬው ተቀብሎናል ብሎ ሪፖርት ጻፈ።

ሪፖርቱ ምን ያህል ባዶ እንደነበር በ1982 ታየ። በየካቲት ወር የደርግ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ ገበሬው በጋራ ከሚታረስበት የአምራቾች ማኅበር መውጣት እንደሚችል ተነገረ። ለዓመታት በሶሻሊዝም ድልነት ሲወደሱ የነበሩት አብዛኞቹ ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። ገበሬዎቹ ተሰብስበው በሬዎቹን ተካፈሉ፣ መሬቱን ተካፈሉ። በመንደር ምሥረታ ከቀዬው ተነቅሎ በመስመር በተደረደሩ ቤቶች የሰፈረውም ብዙ ሰው ጣሪያውን ነቅሎ፣ እንጨቱን ተሸክሞ ወደ ጥንት ቦታው ተመለሰ። ማንም አልመራውም፣ ማንም አልቀሰቀሰውም። ያን ሁሉ ዓመት «እሺ» ሲል የነበረው ሕዝብ አንድም ቀን ከልቡ እሺ አላለም ነበር። ትዕግሥትን ከስምምነት መለየት ያልቻለ መንግሥት የሚያወርደውን የሚያውቀው ሲወርድ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሕዝቡ ብልሃተኛ ነው፣ ዞሮ ያልፋል የሚል ነው። ነገር ግን በዚህ ብቻ ብጨርስ ሙታንን እበድላለሁ። መዞሪያ የሌለበት ጊዜ አለ። በ1969 እና በ1970 ቀይ ሽብር በአዲስ አበባና በየከተማው ሲፋፋም የተገደሉ ወጣቶች አስከሬን ደረቱ ላይ ጽሑፍ ተለጥፎበት አስፋልት ላይ ያድር ነበር። ቤተሰብ አስከሬን ለመውሰድ ልጁን የገደለችውን ጥይት ዋጋ እንዲከፍል የተጠየቀበት ጊዜ ነው። ማልቀስ ተከለከለ፤ ጥቁር መልበስ አስጠየቀ። «ሰማይ አይታረስ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የዚያን ጊዜዋን እናት ያስባት። ልጇ ደጇ ላይ ወድቋል፤ እሷ ግን እንዳላየች ሆና ማለፍ አለባት።

እሷስ ምን አደረገች? በባህላችን ለቅሶ ቤት የሄደ ሰው የራሱንም ሙት አንስቶ ያለቅሳል። ስለዚህ በሌላ ሰው ለቅሶ የራሷን ልጅ አለቀሰች። ፎቶግራፉን ከሣጥን ሥር ሸሸገች። የለበሰውን ልብስ፣ የወጣበትን ቀን፣ ከቤት የወሰዱትን ሰዎች ስም በልቧ ያዘች። ይህ ከጎጃሙ ጠመንጃ ጋር ሲተያይ ምንም አይመስልም። ገዢ አላወረደም፣ ጥይት አላስቀረም። እኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም በኋላ በችሎት የቆመው ይኸው ነው።

በ1983 ደርግ ሲወድቅ የጅምላ መቃብሮች ተከፈቱ። ከአርጀንቲና የመጡ የአፅም ምርመራ ባለሙያዎች አፅሞቹን አወጡ፤ ቤተሰቦችም በልብስ ቅዳጅና በጫማ ልጆቻቸውን ለዩ። በታኅሣሥ 1987 የደርግ ባለሥልጣናትን የሚዳኘው ፍርድ ቤት ችሎት ተቀመጠ። የደርግ ጽሕፈት ቤቶች ራሳቸው የጻፏቸው የግድያ ትእዛዞች ቀረቡ፤ እናቶችና ከእስር የተረፉ ሰዎች መሰከሩ። በታኅሣሥ 1999 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ፤ በ2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሞት ፈረደባቸው።

ሰማይ ታረሰ ማለት ነው? በከፊል። ክሱን ለመጨረስ 12 ዓመት ፈጅቷል፤ ዋናው ተከሳሽም ችሎቱን ሳያዩ ዚምባብዌ ተቀምጠዋል። ከዚያም በላይ የተከሰሱት ሰው ገዢ አልነበሩም፤ ገዢ የነበሩ ሰው ናቸው። ተረቱ ይህን ጊዜም እንኳ አልተሸነፈም፦ ንጉሥ የሚከሰሰው ንጉሥነቱ ሲቀር ነው። ሆኖም ፋይዳው ቀላል አይደለም። ያቺ እናት በልቧ የያዘችው ስም በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ልጇን «ፀረ አብዮት» ያለው ጽሑፍ ተሽሮ ልጇ ተበዳይ፣ ገዳዩ ወንጀለኛ ተብሏል። እምቢታ ብቻውን ገማችን ያስመልሳል፤ ትውስታና ምስክርነት ሲጨመሩበት ደግሞ በደልን በስሙ እንዲጠራ ያደርጋል።

ስለዚህ ተረቱን ለልጆቻችን ስናስተላልፍ ሙሉውን እናስተላልፍ። «አርፈህ ተቀመጥ» ብለን ከምንተረጉመው፣ «የማይከሰስ ገዢ ባለበት አገር ሕዝቡ ይህን ሁሉ ዋጋ ከፈለ» ብለን እንንገራቸው። መቻልን አናጣጥለው፤ ብዙ ቤተሰብን ለዛሬ ያበቃ እሱ ነው። መቻልን ግን አናምልከው። እህል በጉድጓድ መቅበር፣ ልጅን በቆጥ መደበቅ፣ በሰው ለቅሶ የራስን ልጅ ማልቀስ ሕዝቡ አማራጭ ሲያጣ ያደረጋቸው ናቸው እንጂ ማንም ሊኖርባቸው የሚገቡ ሥርዓቶች አይደሉም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ12ኛው አንቀጹ ማንኛውም ባለሥልጣን ተጠያቂ ነው ይላል፤ በ28ኛውም በሰው ልጆች ላይ የሚፈጸም ወንጀል በይርጋ እንደማይታገድ ደንግጓል። ቃሉ አለ። የጎደለው አንድ ተራ ገበሬ በሥልጣን ላይ ያለ ሹም ላይ መዝገብ ከፍቶ፣ ተከራክሮ፣ ቢረታም ባይረታም በሰላም ወደ ቤቱ የሚገባበት ቀን ነው። ያ ቀን እስኪመጣ ድረስ የየዘመኑን በደል ከነቀኑና ከነስሙ መዝግቦ መያዝ የእያንዳንዳችን ግዴታ ነው፤ ዳኛው በመጣ ጊዜ ማስረጃ የሚጠይቀው ከኛ ነውና።