ጸጥታ በራሱ ዕረፍት ነውን?

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ከባለቤቴ ጋር ወደ መናገሻ ሱባ ደን ሄድን። ስንቃችንን ይዘን፥ በመኪናችን ውስጥ ፍራሽ ዘርግተን፥ በወጨጫ ተራራ ጥግ ሁለት ሌሊት አደርን። ከጉሬዛና ከወፎች ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም። እኔም «ዕረፍት ማለት ይህ ነው» አልሁ።

በሁለተኛው ማታ ግን ስለ ልጆችና ስለ ቤት ወጪ ከተነጋገርን በኋላ ቃል አለቀብን። ባለቤቴም ቀስ ብላ፥ «አርባ ዓመት የሰው ልጆችን ስትጠይቅ ኖርህ፤ እኔን ግን ጠይቀኸኝ አታውቅም» አለችኝ። ያን ጊዜ ጸጥታው ከበደኝ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ጸጥታ በልብ ያለውን ይገልጣል እንጂ የሌለውን አይሰጥም። በሥራና በጫጫታ ሸፍነን ያኖርነው ጉድለት በጸጥታ ጊዜ ይታያልና።

የዚያን ደን ጽድ፥ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። እኛ ከጥላው ሥር ያረፍነው አስቀድሞ ስለ ተተከለ ነው። ፀሐይ ሲበረታ የሚተከል ችግኝ ለዚያ ቀን አይደርስም፤ ፍቅርም እንዲሁ ነው። ቢሆንም ዘግይቶ መትከል ፈጽሞ ካለመትከል ይሻላል።

በማግሥቱ ጧት፥ «ልጅ ሳለሽ ምን ትመኚ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። መልሷ አዲስ አበባ እስክንገባ አላለቀም። ከዚያ ሁሉ አንዱን እንኳ አስቀድሜ አላውቅም ነበር። እናንተ ግን ይህን ጥያቄ እስከ ሽምግልና አታቆዩት።