የተፋቀው ጉንጭ

አያቴ ተወልዳ ያደገችው አምቢኮ ነው፤ ወደ ራስ ደጀን የሚወጡ ሰዎች የሚያድሩባት መንደር። አሁን የምትኖረው ደባርቅ ነው። ካላት ነገር ሁሉ የምትሳሳለት በነጠላ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ለምታስቀምጣት አንዲት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። የአጎቴ ፎቶ ናት። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ተመልምሎ ሲሄድ ደባርቅ ላይ ተነሣት። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ የተበላሸ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል። የፎቶዋ ጠርዝ ተበልቷል። የአጎቴ ግራ ጉንጭ ደግሞ እስከ አፉ ድረስ ተፍቆ ነጭ ሆኗል። ባለፈው ገና ስካን አደረግኩትና ለአንድ ኤአይ ሰጠሁት። በደቂቃ ውስጥ ጉንጩ ሞላ፣ ቀለምም ገባለት። በትልቁ አሳትሜ፣ ፍሬም አስገብቼ ሰጠኋት።

ረጅም ጊዜ አየችው። «ቆንጆ ልጅ ነው» አለች። «የማን ልጅ ነው?»

ዓይኗ ደክሞ መሰለኝ። አልነበረም። ኤአይ የአጎቴን ጉንጭ አያውቀውም፤ የሚያውቀው የሚሊዮን ሌሎች ሰዎችን ጉንጭ ነው። ባዶውን ቦታ በግምት ሞላው። የባሰውን የነገረችኝ ደግሞ እናቴ ናት፦ አያቴ ፎቶውን እያወጣች የምትስመው እዚያ ቦታ ላይ ነው። ወደ 40 ዓመት ሲሳም የኖረ ጉንጭ ነው የተፋቀው። እኔ ጠገንኩ ብዬ የእሷን መሳም አጠፋሁት።

ታዲያ የቤተሰብ ፎቶ እናቆይ ስንል የምናቆየው ምኑን ነው? መልኩን ብቻ ከሆነ ኤአዩ ልክ ነበር። እኛ አገር ግን ለቅሶ ቤት የሟች ፎቶ ተይዞ ይለቀሳል፤ ሰው እንደሚያናግሩት ያናግሩታል። ፎቶ ላይ የተረፈው ምልክት የዚህ ንግግር ግማሽ ነው።

አትንኩት ማለቴ አይደለም። ስካን ባይደረግ አንድ የጣሪያ ፍሳሽ ይበቃዋል። ግን ስካን ብቻውን አያድነውም። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው ሥራ ከየቤቱ የድሮ ፎቶ ሲሰበስብ የባለቤቶቹንም ታሪክ አብሮ ይዟል። ያለዚያ የማናውቃቸው ሰዎች ሱፍና አፍሮ ብቻ ሆነው ይቀሩብን ነበር።

እኔም አጎቴን አላውቀውም፤ ልጆቼም አያውቁትም። ማወቅ የምንችለው እንዴት እንደተወደደ ነው። እሱንም ቢሆን የምታውቀው ሰው በሕይወት እያለች ከጠየቅን ነው።

ስለዚህ ዋናውን ስካን ሳልነካ አስቀመጥኩ። የኤአዩን አላጠፋሁትም፤ የፋይሉን ስም ግን «ግምት» አልኩት። በዋናው ፋይል መግለጫ ውስጥ ስሙን፣ የተነሣበትን ቦታና ጉንጩ ለምን እንደተፋቀ ጻፍኩ። (በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከላካችሁት መግለጫው ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ላኩት። የወረቀቱ ጀርባ ላይ ከጻፋችሁ ደግሞ በእስክሪብቶ ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ ይሁን።) አያቴ ስለ እሱ ስታወራም ድምጿን ቀዳሁ።

ፍሬሙ አሁንም ግድግዳዋ ላይ አለ። እንግዳ ሲመጣ «የልጅ ልጄ የሰጠኝ ነው» ትላለች። የምትስመው ግን የሳጥኑን ነው።